ሞረዱን ከምላጩ ላይ አንሱ

እናንተ የዋግ ሽማግሎች፣ የፃግብጂም፣ የሰቆጣም፣ የደሃናም፣ የዝቋላም፣ ከእኔ ጋር አብራችሁ የሸበታችሁ ወንድሞቼ! ይህን የምናገረው ለጎረምሳው አይደለም። ጎረምሳው የሚሠራውን የሚሠራው እኛን አይቶ ነው። የምናገረው ጠመንጃ ከምሰሶ ላይ ሰቅላችሁ ለምትኖሩት፣ ልጅ ሲዳር ለምትሸልሙት፣ የመጨረሻዋ ቀን ስትቀርብም ለበኩር ልጅ ለምታወርሱት ለእናንተ ነው።

በየጓዳው ጠመንጃ እየተፈታ ነው። ሞረድ፣ ጉጠትና ከአሮጌ ዕቃ የተነቀለ ሞላ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ በየመንደሩ አለ። ምላጩ ከበደኝ ላለው ያላላለታል፤ ሞላው ደከመ ላለው ሌላ ሞላ ይከትለታል፤ ሰደፉን ይቆርጥለታል፤ ማነጣጠሪያው ተጣመመ ላለው በመዶሻ መትቶ ያቃናለታል። ጠመንጃው ተጠግኖ ሲመለስ ባለቤቱ በሰው ፊት ያቀባብልና ምላጩን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ «አያችሁ፣ ሳልስበው ይሄዳል» ይላል። እኛም «እጁ ይባረክ» እንላለን። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ምርቃታችን ነው።

ልጁ ይህን ሥራ የሚለማመደው በክላሽ አይደለም፤ በአየር ጠመንጃ ነው። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። እኛ በልጅነታችን ማማ ላይ ቆመን በወንጭፍ ነበር የምንከላከለው። ዛሬ ከከተማ የተገዛ ወይም ዘመድ ያመጣው የአየር ጠመንጃ የገባበት ቤት አለ። ባሩድ ስለሌለው፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ስለሆነ እንደ መጫወቻ ይቆጠራል። አባት ክላሹን ቆልፎ ይህንን ለአሥር ዓመት ልጅ ይሰጣል። ልጁም ወፍ መግደል ሲሰለቸው ዕቃውን መፍታት ይጀምራል።

የአየር ጠመንጃ ውስጡ ቀላል ነው፤ አንድ ጠንካራ ሞላና አንድ ፒስተን ነው ያለው። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ሞላው ይታመቃል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ የገፋው አየር ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ያህል የምትመዝን እርሳስ ይዞ ይወጣል። እርሳሷ ስፋቷ አብዛኛውን ጊዜ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። በሴኮንድ 100 ሜትር ገደማ የሚሄድ እርሳስ የሰው ቆዳ ይበሳል፤ ዓይን ለማፍሰስ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ገበያ ላይ ያለው ተራ የአየር ጠመንጃ ግን በሴኮንድ ከ150 እስከ 300 ሜትር ይወረውራል። ሳይነካካ እንኳ ዓይን የሚያጠፋ፣ በቅርብ ከተተኮሰም የሕፃን ራስ ቅል ሊበሳ የሚችል መሣሪያ ነው።

ልጁ ይህንን ነው «ደካማ ነው» ብሎ የሚፈታው። የታመቀው ሞላ የብዙ አሥር ኪሎ ጉልበት አለው። ያለ መያዣ የተፈታ እንደሆነ ከነመዝጊያው ተፈናጥሮ የሚወጣው ወደ ፈቺው ፊት ነው። ሳይጎዳው ፈትቶ ምላጩን ያላላ እንደሆነ ደግሞ አደጋው ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል። በሌላ ቀን ታናሽ ወንድሙ አፈሙዙን አጥፎ እርሳስ ሊያጎርስ ጣቱን ሲያስገባ መያዣው ያመልጣል፤ አፈሙዙም በሞላው ጉልበት ተመልሶ ይዘጋል፤ ጣቱ እዚያው ይቀራል። ዘይት ያበዛበት እንደሆነም አየሩ በድንገት ሲታመቅ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሣ ዘይቱ ይቀጣጠላል፤ ዕቃው ላልተሠራበት ጉልበት ይጋለጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እናት ወጥ በምትሠራበት፣ ሕፃን በሚድህበት ቤት ውስጥ ነው።

ግን ወደ ዋናው ልምጣ። በውትድርና ዘመኔ ከመሣሪያ ግምጃ ቤት ስለሠራሁ የጠመንጃን ሆድ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ከውጭው ይልቅ ውስጡን እንድታስቡት እፈልጋለሁ። ምላጭ ስትስቡ ጉልበት የምትሰጡት ይመስላችኋል። እውነቱ ግን ታግዶ የቆመ ጉልበት መልቀቃችሁ ነው። ጠመንጃው ከተቀባበለ ጀምሮ መቺው ብረት በሞላ እየተገፋ ወደፊት ሊወረወር ይታገላል። ይዞ ያቆመው አንዲት የብረት ጥርስ ናት። ጥርሷ በሌላው ብረት ላይ የምታርፍባት ቦታ ከስንዴ ቅንጣት አትበልጥም። በዚያች ቅንጣት ላይ የሰው ነፍስ ተንጠልጥላለች። ፋብሪካው ያችን ጥርስ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ላይዋን በእሳት አጠንክሮ ውስጧን ለስለስ አድርጎ ይተዋታል፤ እስከ ውስጧ ከጠነከረች ትሰበራለችና። ጠንካራው ቆዳ በጣም ስስ ነው። ሞረድ ሲነካው ይገፈፋል።

በዕለቱ ምላጩ ይቀልላል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ማንም ምንም አይታየውም። ከዚያ በኋላ ግን ለስላሳው ብረት በተተኮሰ ቁጥር እየተበላ፣ ጠርዙ እየዶለዶመ ይሄዳል። ያች የስንዴ ቅንጣት ወደ ግማሽ፣ ወደ ሩብ ትወርዳለች። አንድ ቀን ጠመንጃው ከበቅሎ ጭነት ላይ ይንሸራተታል፣ ወይም ባለቤቱ ካብ ሲዘል ሰደፉ ድንጋይ ይመታል፤ ጥርሷም ትለቃለች። ያኔ «ባረቀ» ይባላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከወራት በፊት ጓዳ ውስጥ ሞረድ በነካው ቀን ነው የባረቀው።

በክላሽ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የአባቶቻችን ዉጅግራ አንድ ጥይት ይጎርሳል፤ ቢያመልጥ አንድ ጊዜ ነው የሚያመልጠው። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ይይዛል፤ በተከታታይ ሲተኩስ በደቂቃ 600 ያህል ነው። የውስጥ ብረቱ የተበላ ክላሽ አንድ ጊዜ ከተነሣ ምላጩን ብትለቁትም ላይቆም ይችላል። ካዝናው እስኪያልቅ ሦስት ሴኮንድ ነው። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ አፈሙዙ አንድ የሰርግ ዳስ ሙሉ ያዳርሳል።

ሰርግ ቤት እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሚዜዎቹ ገብተዋል፤ ሽለላው ደምቋል፤ ጠላው በየረድፉ እየዞረ ነው። አንዱ እንግዳ ለመብላት ሲቀመጥ ጠመንጃውን ከዳሱ ቋሚ ጋር ያስደግፈዋል። ሊፎክር ተነሥቶ ስለነበር ከተቀባበለ ቆይቷል፤ መቆለፊያውንም አልዘጋውም፣ ወይም ዘግቶት ቢሆን እንኳ የተሞረደው ውስጡ አያስተማምንም። ከቋሚው ሥር ሕፃናት ተኮልኩለዋል፤ በመካከላቸው አሳላፊዎች ይመላለሳሉ። የአንዷ ቀሚስ ሰደፉን ይነካዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አልነግራችሁም፤ ስንቶቻችን እንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ተቀምጠናል! ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባም ልጃገረዶቹ ቡድን ቡድን ሆነው በየደጃፉ ሲጫወቱ ዙሪያቸውን ከብቦ የሚቆመው ወንድ ትከሻው ላይ ምን እንዳንጠለጠለ አስቡ።

«አባቶቻችንም ጠመንጃ ያድሱ ነበር፤ አንተ ዛሬ ከየት አመጣኸው?» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ ስለ አባቶቻችን እንነጋገር። ዋግ ጠመንጃን ቀደም ብሎ ያወቀ አገር ነው። ዋጋውንም የተማረው በደም ነው። የእኛው ዋግ ሹም ጎበዜ፣ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ ሲሸነፉ ሠራዊታቸው በቁጥር አንሶ አልነበረም። እንግሊዞች መቅደላን ወግተው ሲመለሱ ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ሰጥተዋቸው ነበር፤ ኪርክሃም የሚባል ወታደራቸውን የሚያሠለጥን ሰውም ነበራቸው። ያን ቀን ያሸነፈው ብረቱ ብቻ አልነበረም፤ ብረቱን በሥርዓት መያዝም ጭምር ነበር።

ጠመንጃ ማሻሻል ነውር ነው አልልም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ይዘውት የመጡት ስናድር ራሱ የተሻሻለ ጠመንጃ ነው፤ በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው ኤንፊልድ በኋላው እንዲጎርስ ተደርጎ የተለወጠ። አያቶቻችን ጣሊያንን የወጉበት ዉጅግራም ከሻስፖ የወጣ ነው። ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የብረት ቀለህ እንዲጎርስ አድርገው ለወጡት። ይህ ሁሉ የተደረገው ግን በፋብሪካ፣ በመለኪያ፣ ብረት በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ሥራው ሲያልቅም ጠመንጃው ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ከመደበኛው የበለጠ ኃይል ያለው ጥይት ተጎርሶ፣ ሰው ርቆ ቆሞ ይፈተናል። በጓዳችን የተሞረደውን ጠመንጃ ማን ፈተነው? የምንፈትነው በልጆቻችን ላይ ነው።

ፋብሪካ እንኳ በምላጭ ነገር ተፈትኗል። በአሜሪካ ሬሚንግተን የሚባለው ኩባንያ ሞዴል 700 የተባለ የአደን ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። «ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል» ተብሎ በሞትና በአካል ጉዳት ደጋግሞ ተከሰሰ። ኩባንያው ጥፋቱን ባይቀበልም በመጨረሻ በስምምነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን ምላጭ ያለ ክፍያ ለመቀየር ፈቀደ። መሐንዲስ፣ ላቦራቶሪና መለኪያ ያለው ኩባንያ በምላጭ ሥራ ፍርድ ቤት የሚቆም ከሆነ፣ በኩራዝ ብርሃን ሞረድ የያዘ የ17 ዓመት ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ስለ ጥይትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ገበያ ላይ «7.62 ነው» ተብሎ ጥይት ይሸጣል። 7.62 የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መጠሪያ ነው እንጂ የጥይቱ ማንነት አይደለም። የክላሹ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤም 14 ቀለህ 51 ነው፤ የድሮው የሩሲያ ጠመንጃና የመትረየሱ 54 ነው። ሁሉም 7.62 ይባላሉ፤ አንዱ ግን ለሌላው አይሆንም። አልገባ ያለውን ጥይት እንዲገባ ብሎ የጠመንጃውን ጉሮሮ በሞረድ የሚያሰፋ ሰው የሚሠራው ቦምብ ነው። ክላሽ ሲተኮስ በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ ነው። ያንን የሚችለው ያልተነካ ብረት ነው። ሲፈነዳ ደግሞ የሚፈነዳው ተኳሹ ጉንጩን ባስደገፈበት ቦታ ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈውን ዉጅግራና ምንሽርማ ተዉት። ተወልውሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ታሪክ ይናገር፤ ጥይት አታጉርሱት።

በተለይ በእኛ በኩል ይህ ነገር የባሰበት ምክንያት ስውር አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በአበርገሌም በፃግብጂም ስንቱ ሰው ቀዬውን ለቆ እንደተሰደደና ስንት ወጣት መሣሪያ እንዳነገበ እናንተ ታውቃላችሁ። ሜዳ ላይ ወድቆ የተነሣ፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ማን እንደፈታው፣ ማን እንደገጠመው የማይታወቅ ጠመንጃ በዝቷል። ውስጡን አይታችሁ የማታውቁትን ዕቃ ከነጥይቱ ከአልጋችሁ ራስጌ አታሳድሩት።

«ጠላት ሲመጣ የላላ ምላጭ ይፈጥናል» የሚባለው ከንቱ ወሬ ነው። በጦር ሜዳ ቀድሞ የሚወድቀው ጣቱ የከበደው ሳይሆን ጓደኛው ከኋላው ያባረቀበት ነው። በጨለማ፣ በገደል፣ ሩጫ ላይ የሚያድን ጠመንጃ ባለቤቱ ሳይፈልግ የማይተኩስ ጠመንጃ ነው። የምላጭ ጠንከር ማለት የሚጠቅመው እጁ በብርድ ለደነዘዘ፣ ልቡም በድንጋጤ ለሚመታ ወታደር ነው። ልጁ ከበደኝ ካለ ልምምድ ይጨምር እንጂ ብረት አይቀንስ።

ደግሞ ደሙን አስቡት። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ በደም ዕርቅ ላይ የተቀመጣችሁ ናችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። የመንግሥቱ ፍርድ በዚያ ያልቃል። የእኛ ግን አያልቅም። የሟች ወገን «በስሕተት ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ጠገነው?» ብሎ ነው። ያኔ ነገሩ ከአንድ ቤት ወደ ሁለት ቤት ይሄዳል፤ የባለ ጠመንጃው ወገንና የባለ ሞረዱ ወገን እርስ በርስ ይካሰሳሉ። ሦስት ዘመድ በአንድ ጥይት ይቆራረጣል። ካሳው በሬ ያሸጣል፤ መሬት ያስይዛል። ባረቀብኝ ያለውም ልጅ አገሩን ጥሎ ይሄዳል፤ ዕድሜ ልኩን እናቱን አያይም። ባልጠላው ሰው ደም የሚሰደድ ልጅ ከማየት የከፋ ነገር በሽምግልናዬ አላየሁም።

አዋጁም አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ብቻ ሳይሆን መሥራትንና መጠገንንም በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ጓዳ ውስጥ ሞረድ የያዘው ልጅ ማንንም ባይጎዳ እንኳ ከሕግ ውጭ ነው። ይህን ግን ለማስፈራራት አላነሣሁትም፤ ከእኛ ውስጥ አዋጅ ፈርቶ ጠመንጃውን ያስቀመጠ አላየሁምና።

የደረሰ ከደረሰ ቁስሉ ላይ ቡና አትነስንሱ፤ አመድም እበትም አታድርጉ። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በመዳፍ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ደሙ እስኪቆም አትልቀቁ። ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሰቆጣ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሂድ። የአየር ጠመንጃ እርሳስ የገባበት ልጅ ደም ባይፈሰውም፣ እየሳቀም ቢሆን ይሂድ፤ ቀዳዳዋ ትንሽ ብትሆንም እርሳሷ የት እንደቆመች ሳይታይ አይታወቅም። ዓይን ከሆነ አትሹት፣ አትጫኑት፤ ሳይነካ ከልላችሁ ውሰዱት። ክረምት ላይ መንገዱ ሲቆረጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስለምታውቁ፣ ይህ ምክር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ጠመንጃችሁን ስጡ አላልኩም። አገሩ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ራሳቸውን የቆረጣቸው የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ አገር ነው፤ ጠመንጃ ለእኛ ምን እንደሆነ ለእናንተ የምነግር ሰው አይደለሁም። ክብራችሁ ከሆነ ግን እንደ ክብር ዕቃ ያዙት። የከበረ ዕቃ ጓዳ ውስጥ በሞረድ አይፋቅም።

በሚቀጥለው ሰንበቴ ይህንን ነገር አንሡት። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ ሰው ሁሉ አእምሮው እያለ። የንስሐ አባቶችም አሉበት፤ በየቤቱ የሚፈታ ጠመንጃ እንዳይኖር በግዝት ይያዙት፤ ሕዝባችን ለግዝት ይሰማል። ሰርግና ተዝካር ቤት የሚገባ ጠመንጃ ካዝናው ይውጣ፤ በጉሮሮው የቀረ ጥይት እንደሌለ በሁለት ሰው ዓይን ይታይ፤ ካዝናው ለአንድ ሽማግሌ ይሰጥ። እስከ ዛሬ በሞረድ የተነካ ጠመንጃ ያለው ደግሞ አይደብቀው። ዛሬ ማታ ጥይቱን ያውጣ፤ ጥይቱንና ጠመንጃውን ለየብቻ ቆልፎ ያስቀምጥ፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ውስጡን አይቶ የተበላውን ብረት በአዲስ እስኪቀይርለት ድረስ አያጉርሰው። የአየር ጠመንጃውንም ከልጆች እጅ አውጡ፤ ማሽላውን በወንጭፍ ይጠብቁ።

ያንን ሞረድ የያዘ ብልህ ልጅም አትምቱት፣ አታዋርዱትም። እጁ ለብረት የተፈጠረ ነው። ሰቆጣ ወስዳችሁ የብየዳ ወይም የሞተር ጥገና ሥልጠና አስገቡት፤ ክፍያውን የሰንበቴው ማኅበር ያዋጣ። እኔ ድርሻዬን አስቀምጫለሁ፤ እናንተም አምጡ።